ከቤይሩት ፍርስራሽ የወጣው ሄርኩለስ፦ ስም አልባ ሥዕል ሠዓሊቱን ሲያገኝ

ኦገስት 4 ቀን 2020 ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ቤይሩት ወደብ ላይ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቆሰሉ፣ ሰፈሮች በሙሉ መስኮት አልባ ሆነው አደሩ። ወደቡን ቁልቁል በሚያየው አሽረፊዬህ በተባለው ሰፈር የሱርሶክ ቤተሰብ ቤተ መንግሥት አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግድም የተሠራ፣ 15 ዓመት የዘለቀውን የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተቋቁሞ ያለፈ ቤት ነው። ያን ምሽት ግን ልስኑ ወረደ፣ መስኮቶቹም ተሰብረው ወደ ውስጥ ተወረወሩ። የቤቱ እመቤት ኢቮን ሱርሶክ ኮክሬን በደረሰባቸው ጉዳት በወሩ መጨረሻ በ98 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የመስታወት ስብርባሪ እንደ ጥይት ወጋው፤ ሸራው ተተረተረ፤ አንድ ጡንቻማ ሰው የተሣለበት ቦታ ላይ፣ ጉልበቱ አጠገብ፣ ትልቅ ቀዳዳ ተከፈተ። ሥዕሉ ፊርማ የለውም። ማን እንደሣለው በቤቱ ውስጥ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው ሥዕል በሎስ አንጀለሱ ጌቲ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የ17ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊት ሠዓሊ የአርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ «ሄርኩለስና ኦምፋሌ» ተብሎ ተሰቀለ። የተሣለውም ከ1635 እስከ 1637 ባሉት ዓመታት ግድም ኔፕልስ ውስጥ ነው ተባለ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ፍንዳታው ሥዕሉን ገለጠው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥዕሉ የተለየው ከፍንዳታው 27 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በአንድ ተማሪ ዐይን ነው። ፍንዳታው ያደረገው ሰው ሁሉ ወደዚያ እንዲያይ ማስገደድ ብቻ ነው። አሮጌ ሥዕል እንዴት ይለያል፣ ዋጋውስ እንዴት ይገመታል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ እርምጃ በግልጽ ይታያል።

ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሣ፤ ሥዕሉ ምንን ያሳያል? አሮጌ የአፈ ታሪክ ሥዕል እጁ ላይ የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ «ማን ሣለው?» ብሎ ይጀምራል። መቅደም ያለበት ግን «ምን እየሆነ ነው?» የሚለው ነው። ታሪኩን ሳያውቁ ሠዓሊውን መፈለግ መርፌን በጨለማ እንደመፈለግ ነው።

ሸራው ላይ አንድ ግዙፍ ወንድ አለ፤ ክንዱና ደረቱ የሥራ ሰው ነው የሚመስለው። እጁ ላይ ያለው ግን ዱላም ሰይፍም አይደለም። እንዝርት ነው። አጠገቡ ያለች ሴት የአንበሳ ለምድ ደርባለች። እነዚህ ሁለት ዕቃዎች ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ ታሪኩን ይነግረናል። በግሪኮች አፈ ታሪክ የአንበሳ ለምድና ዱላ መለያው የሆነው ኃያሉ ጀግና ሄርኩለስ ኢፊቶስ የተባለውን ሰው ይገድላል፤ የደልፊው ጠንቋይም ደሙን ለማንጻት ለባርነት መሸጥ አለብህ ይለዋል። የገዛችው የልድያ ንግሥት ኦምፋሌ ናት። ንግሥቲቱ የአንበሳ ለምዱንና ዱላውን ወስዳ ለራሷ ታደርጋለች፣ እሱን ደግሞ የሴት ልብስ አልብሳ ከደንገጡሮቿ መካከል አስቀምጣ ሱፍ ታስፈትለዋለች። የአንበሳው ለምድ በማንም ትከሻ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንዝርቱም በማንም እጅ። የሄርኩለስ እጅ እንዝርት ይዞ የሴቲቱ ትከሻ ለምድ ሲደርብ ግን ሌላ ታሪክ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል።

«ማለት ይቻላል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ወጥመድ አለ። በጣሊያን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ፣ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ ከቦካቺዮ ጀምሮ፣ ይኸው የመፍተል ታሪክ ለኦምፋሌ ሳይሆን ኢዮሌ ለተባለች ሌላ ሴት ተሰጥቷል። ሠዓሊው አኒባሌ ካራቺ በሮም በፋርኔዜ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ከሣላቸው ጥንዶች መካከል ሄርኩለስና ኢዮሌ የሚባሉት፣ ለምዱና ዱላው በሴቲቱ ዘንድ ሆነው፣ ለዚህ ምስክር ናቸው። ስለዚህ በድሮ የንብረት መዝገብ «ሄርኩለስና ኢዮሌ» የሚል ተጽፎ ቢገኝ የምንፈልገው ሥዕል አይደለም ብሎ ማለፍ ስሕተት ሊሆን ይችላል። መዝገብ ጻፊዎች የአፈ ታሪክ ሊቃውንት አልነበሩም፤ ያዩትን እንደገባቸው ነው የጻፉት። አንዳንዴ «አንድ ጀግና ከሴቶች ጋር» ብለው ያልፋሉ። የሥዕሉን ታሪክ በደንብ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ በመዝገብ ውስጥ በስንት ዓይነት ስም ሊደበቅ እንደሚችል ያሳያል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ሥዕሉ ከየት መጣ? አልፍሬድ ሱርሶክ የቤይሩት የባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በ1920 ማሪያ ቴሬዛ ሴራ ዲ ካሳኖን አገባ። ሙሽራዋ የኔፕልስ ትልቅ መኳንንት ቤት ልጅ ናት። ሥዕሉም ወደ ቤይሩት የመጣው በዚያ ዘመን ከኔፕልስ ተገዝቶ እንደሆነ ይታመናል።

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሥዕል መርማሪ ወርቅ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ተሰቅሎ የተገኘ የጣሊያን ሥዕል ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ከሮም፣ ከቬኒስ፣ ከጄኖቫ፣ የ19ኛው መቶ ዘመን ቅጂም ሊሆን ይችላል። ከኔፕልስ መጣ ሲባል ግን ፍለጋው ይጠባል። በ17ኛው መቶ ዘመን ኔፕልስ በስፔን አገዛዝ ሥር የነበረች፣ በሕዝብ ብዛት ከአውሮፓ ትልልቆቹ ከተሞች አንዷ የሆነች፣ በሥዕል ገበያም የደራች ከተማ ናት። አርቴሚዚያ በ1630 እዚያ ነበረች፤ በ1630ዎቹ መጨረሻ ወደ ለንደን ሄዳ በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ቤተ መንግሥት ከመሥራቷ በቀር ቀሪ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በዚያው ነው። የቦታ ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም። በዚያ ከተማ ብዙ ጎበዝ ሠዓሊዎች ነበሩ። «ከኔፕልስ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ጠንካራ ሴት አለችበት፣ ስለዚህ የአርቴሚዚያ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ችኩል መሆኑን እወቁ።

አሁን ወደ ተማሪው እንምጣ። ግሪጎሪ ቡቻክጂያን ዛሬ በቤይሩት የታወቁ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁርና የምስል አርቲስት ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በፓሪስ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውንም በሱርሶክ ቤት ስብስብ ላይ አደረጉ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከቤቱ ሥዕሎች ሁለቱን፣ «ሄርኩለስና ኦምፋሌ»ን እና አንዲት መግደላዊት ማርያምን፣ የአርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ ሥራዎች ናቸው አሉ። ጽሑፉም ሳይታተም መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለ አርቴሚዚያ የመጀመሪያው ትልቅ ጥናታዊ መጽሐፍ፣ የሜሪ ጋራርድ፣ የወጣው በ1989 ነው። ለብቻዋ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ትልቅ ኤግዚቢሽን በፍሎረንስ ካዛ ቡዎናሮቲ የተከፈተው በ1991 ነው። እንግዲህ ተማሪው ያንን ስም ሲጽፉ አርቴሚዚያ ገና የብዙኃኑ ጀግና አልሆነችም። ስሟን የመረጡት ዋጋ ስለሚያወጣ ወይም ወሬ ስለሚያስነሣ አልነበረም። ለእኔ ይህ የጉዳዩ ልብ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ከሰገነት አሮጌ ሥዕል አውርዶ «አርቴሚዚያ ናት» ቢል መጠራጠር ይገባል፤ ስሙ ራሱ ገንዘብ ነውና። ያኔ ግን ስሙ ገንዘብ አልነበረም። ያለ ጥቅም የተሰጠ ምስክርነት ክብደቱ ሌላ ነው።

ዐይን ምን ላይ ነው የሚያርፈው? በ19ኛው መቶ ዘመን ጆቫኒ ሞሬሊ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊን ለመለየት ትልቁን ነገር ሳይሆን ትንሹን ተመልከቱ ብሎ ነበር፤ የጆሮ ቅርጽ፣ የጥፍር አሣሣል፣ የጨርቅ እጥፋት። ምክንያቱም ሰው የሌላውን ሥዕል ሲኮርጅ የፊቱን ግርማና የቆመበትን ሁኔታ ይኮርጃል፣ የጆሮን ጫፍ ግን በልማዱ ነው የሚሠራው። ሠዓሊውም ቢሆን ጆሮ ሲደርስ እጁ ብቻውን ይሄዳል። ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ ነገር ግን የት እንደምናይ ያስተምራል። የአርቴሚዚያ ሥራ ላይ የሚታወቁ ልማዶች አሉ፤ ብርሃን የወደቀበት ከባድ ጨርቅ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ጌጣጌጥ፣ ሥራ የሚያውቅ የሴት ክንድ፣ ስሜትን የሚሸከም ፊት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሥዕል ላይ ሲሰበሰቡ ማስረጃው ይጠነክራል። አንዱ ብቻ ሲኖር ግን ገና ጥያቄ ነው።

የኔፕልሱ ዘመን ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር አለው። አርቴሚዚያ እዚያ ወርክሾፕ ነበራት፤ ከሌሎች ሠዓሊዎችም ጋር በአንድ ሸራ ላይ ትሠራ ነበር። ሰዎቹን እሷ ስትሥል ሕንፃውን ቪቪያኖ ኮዳዚ፣ መልክዓ ምድሩን ዶሜኒኮ ጋርጁሎ የሠሩበት ሥዕል በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ሙዚየም አለ። ስለዚህ የዚህን ዘመን ሥራ ሲያዩ «የእሷ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «የትኛው ክፍል የማን እጅ ነው?» ማለት ያስፈልጋል። ዋናዎቹን ፊቶችና እጆች እሷ ሠርታ፣ ከጀርባ የቆመችውን ደንገጡር ረዳቷ ቢሠራ፣ ያ በዚያ ዘመን ማጭበርበር አልነበረም። አሠራሩ ያው ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ይህኛው ደግሞ በጣም ያማልላል። አርቴሚዚያ ለስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ «ሄርኩለስና ኦምፋሌ» እንደሣለች በሰነድ ይታወቃል። ያ ሥዕል ጠፍቷል። ስም የሌለው «ሄርኩለስና ኦምፋሌ» ሲገኝ «ይኸው የጠፋው የንጉሡ ሥዕል!» ለማለት አንደበት ይቸኩላል። ነገር ግን የንጉሡ ሥዕል የታዘዘው በ1620ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ይህኛው አሣሣሉ የኔፕልሱን 1630ዎች ይመስላል፣ የመጣበትም መንገድ ከማድሪድ ሳይሆን ከኔፕልስ ነው። ሰነዱ የሚያረጋግጠው ሌላ ነገር ነው፤ አርቴሚዚያ ይህን ርዕስ ቢያንስ አንድ ጊዜ መሥራቷንና ነገሥታት ለዚህ ርዕስ ገንዘብ ይከፍሉ እንደነበር። ይህ ትንሽ አይደለም። ሰዎች በ1612 በሮም በአጎስቲኖ ታሲ ላይ የተካሄደውን የአስገድዶ መድፈር ችሎት እያነሡ ሥዕሎቿን ሁሉ የበቀል ጩኸት አድርገው ያነባሉ። ችሎቱ በሕይወቷ ላይ ትልቅ ጠባሳ እንደጣለ አልክድም። ሄርኩለስ እንዝርት ይዞ የተቀመጠው ግን ደንበኞች ይህን ታሪክ ስለወደዱትም ነው። ሠዓሊቱ ገበያዋን የምታውቅ ባለሙያ ነበረች፤ ይህንን ከእሷ ላይ መንጠቅ ሌላ በደል ነው።

ከፍንዳታው ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡቻክጂያን በለንደን በሚታተመው አፖሎ መጽሔት ላይ የድሮውን ጥናታቸውን አውጥተው አቀረቡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ለአርቴሚዚያ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ፤ ስለዚህ ዜናው ወደ ተዘጋጀ ጆሮ ነው የገባው። አርቴሚዚያን ለዓመታት ያጠኑት ሺላ ባርከር ሐሳቡን ደገፉት። ጌቲ ሙዚየምም ሥዕሉን ለጥገናና ለምርመራ ወሰደ፤ ባለቤቱ ግን ቤተሰቡ እንደሆነ ቀረ።

ጥገናውን የመሩት የጌቲው ኡልሪክ ቢርክማየር ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በቀለም አይጀምርም፣ በወረንጦ ነው የሚጀምረው። ሸራው ውስጥ የተሰካውን የመስታወት ቅንጣት አንድ በአንድ መንቀል፣ የልስኑን ብናኝ ማንሣት፣ የተገነጠለውን የሸራ ጫፍ ከጫፍ ማገናኘት። የተንጠለጠለ የቀለም ፍርፋሪ ሁሉ ቦታ አለው፤ ቦታው ካልታወቀ ይጠበቃል እንጂ አይጣልም። ከዚያ የቆየው ቢጫ ቫርኒሽና ባለፉት መቶ ዘመናት በሌሎች እጅ የተጨመረው ቅብ ይነሣል። አልትራቫዮሌት ብርሃን እዚህ ይረዳል፤ አሮጌ ቫርኒሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጭጋግ ሆኖ ሲያበራ በላዩ የተቀባ የቅርብ ጊዜ ቅብ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይታያል። አንድ ሻጭ «ሥዕሉ ምንም አልተነካም» ካላችሁ ይህን መብራት በጨለማ ክፍል አብሩበት።

ከሁሉ የበለጠውን የተናገረው ራጅ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊ ነጩን ቀለም የሚያገኘው ከእርሳስ ማዕድን ነው፤ እርሳስ ጨረር አያሳልፍም፤ ስለዚህ ነጭ የተቀባበት ቦታ ሁሉ፣ ከላይ ሌላ ቀለም ቢሸፍነውም፣ በራጁ ላይ ፈክቶ ይወጣል። በዚህ ሥዕል ራጅ ላይ ሠዓሊቱ ሐሳቧን እንደቀየረች ታየ። የሄርኩለስና የኦምፋሌ ራሶች መጀመሪያ የነበሩበት አቅጣጫ አሁን ካለው የተለየ ነበር፤ ኋላ አዙራቸው ዐይን ለዐይን እንዲገናኙ አድርጋለች።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የሌላውን ሥዕል የሚቀዳ ሰው ራሱ የት መሆን እንዳለበት ያውቃል፤ ፊት ለፊቱ አለለት። ስለዚህ አይሳሳትም፣ አያዞርም። የራሱን ሐሳብ የሚፈልግ ሠዓሊ ነው የሚያመነታው። እንዲህ ያለው ለውጥ ሥዕሉ ቅጂ ላለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። «አርቴሚዚያ ነች» የሚለውን ግን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ማንኛውም ፈጣሪ ሠዓሊ ሐሳቡን ይቀይራል። ቤተ ሙከራ ከሚናገረው በላይ ማስነገር የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና ነው። የቀለም ትንተና በዋናነት ሐሰትን ለመጣል ነው የሚረዳው። ፕሩሽያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ በበርሊን የተገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ የቲታኒየም ነጭ ለሠዓሊዎች የቀረበው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ከነዚህ አንዱ ከመጀመሪያው የቀለም ንብርብር ውስጥ ከተገኘ ሥዕሉ የ1630ዎች ሊሆን አይችልም። ካልተገኘ ግን «ሊሆን ይችላል» ነው እንጂ «ነው» አይደለም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ዐይንና ሰነድ፣ ብዙ የሚያውቁ ሰዎችም ተከራክረው የሚደርሱበት ስምምነት ነው።

ወደ ዋጋው እንግባ፤ ብዙ አንባቢ የሚጠብቀው ይህን እንደሆነ አውቃለሁ።

የጨረታ ቤቶች ካታሎግ ላይ የሠዓሊ ስም የሚጻፍበት መንገድ መሰላል አለው። ከላይ ስሙ ብቻውን ይቆማል፤ ያ ማለት የእሱ እጅ ነው ብለን እናምናለን ማለት ነው። ቀጥሎ «የእሱ እንደሆነ የሚገመት» አለ። ከዚያ «የወርክሾፑ»፣ «በዙሪያው የነበረ ሰው»፣ «ተከታዩ»፣ «በእሱ አሠራር» እያለ ይወርዳል፤ ከታች «ከእሱ የተቀዳ» ይገኛል። አንዱን እርከን ብቻ መውረድ ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያወርደዋል፤ ሸራው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቀለም አልተቀየረችም። ስለዚህ አሮጌ ሥዕል ያለው ሰው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «በየትኛው እርከን ላይ ነው?» ይበል። ገማች ነኝ የሚል ሰው የመጀመሪያውን ሳይመልስ ቁጥር ከነገራችሁ ቁጥሩን አትቀበሉት።

የአርቴሚዚያ ገበያ ሰሞኑን ምን ያህል እንደተቀየረ ሁለት ሽያጮች ያሳያሉ። በዲሴምበር 2017 ፓሪስ ውስጥ ራሷን ቅድስት ካትሪን አድርጋ የሣለችበት ሥዕል ከ300,000 እስከ 400,000 ዩሮ ተገምቶ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ያንኑ ሥዕል በ3.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በኖቬምበር 2019 ደግሞ በዚያው በፓሪስ «ሉክሬሺያ» የተባለች ሌላ ሥዕሏ ከ600,000 እስከ 800,000 ዩሮ ተገምታ ክፍያዎችን ጨምሮ ወደ 4.8 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰች። የጨረታ ግምት ዋጋ አይደለም፣ ገዥን የመጋበዣ መንገድ ነው። ዝቅ ያለ ግምት ብዙ ተጫራች ይጠራል፤ ሁለት ሰዎች እልህ ከተጋቡ ቁጥሩ ይሮጣል።

ታዲያ እነዚህን ቁጥሮች ወስዶ በሱርሶክ ሥዕል ላይ መለጠፍ ይቻላል? አይቻልም። ሁለቱም በአንዲት ሴት ላይ ያተኮሩ፣ ከዚህ በጣም ያነሱ ሥዕሎች ናቸው፤ ይህኛው ትልቅ፣ ብዙ ሰው ያለበት ነው። ትልቅነት ዋጋ ይጨምራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እውነታው ግን ትልቅ ሸራ የሚሰቅልበት ግድግዳ ያለው ገዥ ጥቂት ነው፤ ሙዚየሞች ብቻ ሲሆኑ ተጫራቹ ያንሳል። የአርቴሚዚያ ፈላጊ ደግሞ ከምንም በላይ የሴቲቱን ፊት ነው የሚፈልገው። ከዚያ ጉዳቱ አለ። ጉዳት የሚለካው በስፋቱ ብቻ አይደለም፣ የት እንደወደቀ ይታያል። ከጀርባ ያለ ጨለማ መሬት ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቢጠፋ በጥሩ ጥገና ይረሳል፤ ዐይን ላይ የአውራ ጣት ያህል ቢጠፋ ግን የሥዕሉ ነፍስ ይነካል። በዚህኛው ትልቁ ቀዳዳ የሄርኩለስ ጉልበት አካባቢ መሆኑ፣ እንዲህ ማለት ከተቻለ፣ መልካም ዕድል ነው። የሁለቱ ሰዎች መተያየት፣ ሠዓሊቱ ቀይራ የፈለገችው ያ ነገር፣ ዛሬም ይነበባል።

ሌላው ሚዛን የሥዕሉ ታሪክ ነው። ገበያ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ይወዳል፤ ፍንዳታው፣ ቤቱ፣ ተማሪው። እኔ ግን ገማች ብሆን ለወሬው የተለየ ዋጋ አልሰጥም ነበር። የምሰጠው ለወሬው ሳይሆን ወሬው ላስገኘው ነገር ነው፤ ሙሉ ምርመራ፣ የራጅ ምስል፣ በሙዚየም የተሠራ ጥገና፣ በሊቃውንት ፊት የተደረገ ክርክር። ይህ ሁሉ የሥዕሉን እርከን ከመሰላሉ ታች ወደ ላይ አውጥቶታል። ሥዕሉ ደግሞ ለሽያጭ አልቀረበም። በውሰት ለሚጓዝ ሥዕል የሚያስፈልገው ግምት የኢንሹራንስ ግምት ነው፤ ያም ማለት ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ምን ይካሳል የሚለው በባለቤቱና በተዋሹ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ከጨረታ ግምት ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ለውርስ ክፍፍል የሚደረግ ግምት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። አንድ ሥዕል በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ እውነተኛ ዋጋዎች ሊኖሩት ይችላል፤ ማን ለምን እንደጠየቀ ካልታወቀ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ይህ ጉዳይ ብቻውን አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ማከማቻ ውስጥ የነበረች አንዲት «ሶስና» የአርቴሚዚያ መሆኗን አሳወቀ። ሥዕሏ የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ንብረት የነበረች ናት፤ ከጊዜ በኋላ ግን ስሟ ጠፍቶ «የፈረንሳይ ሠዓሊዎች» ተብላ ተመዝግባ ነበር። የሴት ሠዓሊ ስም ከመዝገብ ሲወድቅ ማንም ለማንሣት አይቸኩልም። ትልቅ ወንድ ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ ገዥው፣ ወራሹ፣ ነጋዴው እየተቀባበለ ይጠራው ነበር። ስለዚህ «ያልታወቀ ሠዓሊ» የሚል ምልክት ሳይ ከእሱ በስተጀርባ ማን ሊኖር እንደሚችል ከመገመቴ በፊት ማን ስሙን ሊተው ይችል እንደነበር አስባለሁ።

አሮጌ ሥዕል ቤቱ ያለ ሰው ከዚህ ሁሉ ቢያንስ አንድ ነገር ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ሥዕሉን ዛሬ፣ በደህናው ቀን፣ ፎቶ ያንሣ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። የሸራው ጀርባ፣ የእንጨቱ ማዕዘን፣ ያረጀ የወረቀት ምልክት፣ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የሰም ማኅተም ከፊቱ እኩል ይናገራሉ። አባትና እናት «ይህ ከእገሌ ተገዛ» ሲሉ ይጻፈው። ሥዕሉን አያጽዳው፤ ሳሙናም፣ ሎሚም፣ ዳቦም አያስነካው። ሱርሶክ ቤት ውስጥ ከፍንዳታው በፊት ሥዕሉን በጥንቃቄ ያየና ያየውን የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ያን ምሽት ወለሉ ላይ ከወደቀው በርካታ ፍርስራሽ መካከል አንድ ተጨማሪ የተቀደደ ሸራ ነበር።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 2025 ሥዕሉ በጌቲ ከሌሎች የአርቴሚዚያ ሥራዎች ጋር ለሕዝብ ታየ፤ በመጨረሻ ወደ ቤይሩት እንዲመለስ ነው የታሰበው። ሄርኩለስ ጉልበት አጠገብ ያለውን ቦታ ቀርቦ የሚያይ ሰው ቀዳዳውን አያገኘውም። እዚያ የተጨመረው ቀለም ግን የጥገና ባለሙያ ቀለም ነው፤ አንድ ቀን የተሻለ መንገድ ከተገኘ በማሟሟቻ ተጠርጎ ይነሣል፣ በዳሩ ያለው የአርቴሚዚያ ቀለም ሳይነካ።